የጠመኔው መስመር

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው አስፋልቱ እንዴት እንደሚሸበሸብ መንገር አያስፈልግም። መሬቱ ይንሸራተታል፣ አስፋልቱም እንደ ተጎተተ ምንጣፍ አብሮት ይታጠፋል። ያን ቀን በሦስተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ፍጥነት እየወረድኩ ነበር። የፊት ጎማዎቹ አንዱ እጥፋት ውስጥ ገብተው ሲወጡ መኪናዋ ወደ ግራ ሄደች። እኔ መሪውን አላዞርኩም። እጆቼ ባሉበት ነበሩ፣ መሪውም ባለበት ነበር፤ መኪናዋ ግን የመንገዱን አጋማሽ አልፋ ከታች ሽቅብ ከሚመጣ ከባድ መኪና ፊት ቆመች ማለት ይቻላል። የጥሩምባው ድምፅ ገደሉን ዞሮ ሲመለስ እንደገና ሰማሁት።

መልሼ ወደ መስመሬ አስገባኋት። ከጎኔ የተቀመጠው ረዳቴ፣ መለኪያ ዘንግ ይዞ ተራራ ለተራራ ሲከተለኝ የኖረ ልጅ ነው፣ ከብዙ ዝምታ በኋላ «ኢንጂነር፣ ተኝተው ነበር እንዴ?» አለኝ። አልተኛሁም ብዬ ብምልለት ያምነኛል ብዬ አላሰብኩም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት ለዚህችው መሪ ሁለት ጋራዥ ገብቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ የጎማ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ በማሽን ማስተካከል) አሠርቻለሁ፣ የመሪን መንቀጥቀጥ የሚያለዝብ አንድ አዲስ የመሪ አሞርዛተር ገዝቻለሁ። በየጊዜውም «አሁን ተስተካክላለች» ተብያለሁ። ድልድዩ አጠገብ ደርሰን ሞተሩን ሳጠፋ ያሳፈረኝ ነገር ግን ሌላ ነበር። እኔ በሙያዬ ቀያሽ ነኝ። እንጀራዬ መለካት ነው። ይህችን መኪና ከፍ ከማስደረጌ በፊትም ሆነ በኋላ አንድም ቀን ሜትር አውጥቼ አልለካኋትም።

## ሆዷ ድንጋይ እንዳይነካ

መኪናዋ የ1999 ሞዴል ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ናት፣ ባለ 5ኤል የናፍታ ሞተር። ሥራው ካለቀ ፕሮጀክት በጨረታ የገዛኋት። ቱርቦ የላትም፣ ዳገት ላይ ትለምናለች እንጂ አትበርም፤ ግን ታደርሳለች። ሥራዬ የገጠር መንገድ ቅየሳ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የምነዳው ገና መንገድ ባልሆነ ነገር ላይ ነው። ክረምቱ አልፎ የትራክተርና የአይሱዙ ጎማ የቦረቦረው ጭቃ ሲደርቅ ግራና ቀኙ ቦይ፣ መሃሉ ጉብታ ይሆናል። በዚያ ጉብታ ላይ ሆዷን እየጎተተች ስትሄድ የሚሰማውን ድምፅ ጥርሱን በምስማር የተፋቀ ሰው ብቻ ነው የሚገምተው።

አንድ ጋራዥ ውስጥ ወጣቶቹ «ጋሼ፣ ለምን ከፍ አናደርጋትም?» አሉኝ። በአንድ ቀን ጨረሷት። ከፊት የቶርሽን ባሮቹን ቡሎን አጠበቁ፤ ከኋላ በየባሌስትራው፣ ክብደቱን በሚሸከመው የተደራረበ የብረት ቅጠል ላይ፣ አንድ አንድ ቅጠል ጨመሩ፣ ባሌስትራው የሚታሰርበትን ማንጠልጠያም በረዘመ ቀየሩ፤ ጎማዎቹን ከ205 ወደ ሰፊውና ረጅሙ 265/75 ለወጡ። ወደ ቤት ስመለስ የሰፈር ልጆች ዙሪያዋን ዞሩ። እኔም፣ ልደብቀው አልችልም፣ ከመኪና ስወርድ እንደ ፈረሰኛ ነበር የምወርደው።

ቶርሽን ባር ለማያውቅ፦ ከፊት ባሌስትራም ሞላም በሌላቸው መኪኖች ላይ ክብደቱን የሚሸከመው ረጅም የብረት ዘንግ ነው። አንዱ ጫፉ ከጎማው ክንድ ጋር፣ ሌላው ጫፉ ከሻንሲው፣ ማለትም ከመኪናዋ አጽም ጋር ይታሰራል። መኪናዋ የቆመችው ዘንጉ ስለተጠመዘዘ ነው። ሻንሲው ላይ ያለችውን ቡሎን ስታጠብቅ ክንዱ ወደ ታች ይገፋል፣ መኪናዋ ትነሳለች። አዲስ ዕቃ አይገዛም፣ ቁልፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሁሉም የሚወደውም ለዚህ ነው። ዋጋው የሚከፈለው በኋላ ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች ሊወርድበት የነበረውን ርቀት መኪናዋ ለመቆም ተጠቅማበታለች። ጉድጓዱ ሲመጣ ክንዱ ወዲያው ማቆሚያው ላይ ይደርሳል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣልቃ ላስገባ፤ አሁንም ሳስበው ያስቀኛል። ከሁሉ በላይ ድንጋይ ይመታ የነበረው የኋላው ዲፍሬንሻል፣ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል ነው። የፊተኛው ዲፍሬንሻል ሻንሲው ላይ ስለታሰረ ሻንሲው ሲነሳ አብሮ ይነሳል። የኋለኛው ግን በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃል የተዘረጋው አክስል ላይ ነው ያለው። ባሌስትራው ላይ አሥር ቅጠል ብትጨምር እሱ ንቅንቅ አይልም። የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው፣ ያውም የጎማው ቁመት ጭማሪ ግማሹን። የእኔ አዳዲስ ጎማዎች ከአሮጌዎቹ ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ብረት ሲቆረጥና ሲታሰር የዋለው ለሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ዲፍሬንሻል ነው። እሱንም የሰጡኝ ጎማዎቹ ናቸው። ከኋላ የተሠራው ሥራ በሙሉ ለዓይን ነበር።

## አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

የመጀመሪያውን ምልክት ያየሁት ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ ነው። ያ መንገድ ደግ ነገሩ ለሹፌር ሰበብ አለመስጠቱ ነው። ጉድጓድ የለ፣ አህያ የለ፣ ባጃጅ የለ። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ስደርስ መሪውን ዝም ብዬ መያዝ አልቻልኩም። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ያለማቋረጥ። መሪው መሃል ላይ ሁለት ጣት ያህል ምንም የማይሰማበት ባዶ ቦታ ነበረው፤ በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ መኪናዋ የምትሄድበትን ራሷ ትመርጣለች። አደባባይ ላይ ደግሞ ዞሬ ስጨርስ መሪው እንደ ድሮው በእጄ ውስጥ ተንሸራትቶ አይመለስም፤ እኔው ልመልሰው ይገባል።

አላይመንት ነው ተባለ። አሠራሁ። ማሽኑ ያወጣው ወረቀት ቁጥሮቹ ሁሉ በአረንጓዴ ነበሩ። በሳምንቱ ያው ነበረች። ሌላ ቦታ ደግሜ አሠራሁ፣ እንደገና አረንጓዴ። ያን ጊዜ ወረቀቱን ትቼ መኪናዋን ማመን ነበረብኝ። ግን ወረቀት ለሚያነብ ሰው ወረቀት ክፉ ነው፤ «ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ችግሩ እኔ ጋ ይሆናል፣ ረጅም መኪና መንዳት አልለመድኩ ይሆናል» አልኩ።

ቀጥሎ አንዱ መካኒክ የመሪውን ሳጥን፣ የመሪውን መዞር ወደ ዘንጎቹ የሚያስተላልፈውን፣ ከላይ የምታስተካክለውን ቡሎን ግማሽ ዙር አጠበቃት። ባዶው ቦታ ጠበበ፣ ደስ አለኝ። ደስታው እስከ መጀመሪያው አደባባይ ነበር። መሪው አሁን በጭራሽ አይመለስም፤ መሃል ላይ ሲደርስ ይነክሳል። ይህችን ቡሎን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ጥርሶች በጣም የሚቀራረቡት ልክ መሃል ላይ ነው። የሌላ ክፍል መላላትን በእሷ ለመሸፈን ስትሞክር ጥርሶቹ እርስ በርስ ይፋጃሉ፣ መሪው ቀጥ ብሎ ሲሄድ መያዝ ይጀምራል። ያ ደግሞ ከመላላት ይብሳል።

ከዚያ ሶማሌ ተራ ሄጄ የመሪ አሞርዛተር ገዛሁ። ይህ በእውነት ሠራ፤ ለሁለት ሳምንት። መንቀጥቀጡ ቀረ፣ መሪው ከባድና የተከበረ ሆነ። የመሪ አሞርዛተር ሥራው ግን የድንገተኛ እንቅስቃሴን ፍጥነት መቀነስ እንጂ የላላ ነገርን ማጥበቅ አይደለም። መላላቱ እንዳለ ነበር፤ እኔ መስማቴን ነው ያቆምኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ለመደበቂያው ገንዘብ ከፈልኩ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ በረሃ ወረድኩ።

አሁን ወደ ኋላ ሳየው የእያንዳንዱ ጥገና አመራረጥ ግልጽ ነው። ሁሉም የሚደረስበትን ነው የነኩት። የአላይመንቱ ሰው ማሽን አለው፣ ስለዚህ አላይመንት ነው አለ። ቡሎኗ ከላይ ናት፣ ኮፈን ከፍቶ መድረስ ይቻላል። አሞርዛተሩ ሱቅ ውስጥ አለ። ከሥር ገብቶ ጀርባው ላይ የተኛ ሰው አልነበረም፣ እኔን ጨምሮ።

## ደጀን

ከድልድዩ ሽቅብ ወጥተን ደጀን እስክንገባ ከ30 በላይ አልነዳሁም። ደጀን በረሃውን የወጡ ከባድ መኪኖች የሚተነፍሱባት ከተማ ናት፤ ፍሬን የሚያቀዘቅዝ፣ ጎማ የሚጠግን፣ ሻይ የሚጠጣ ሹፌር አይጠፋባትም። ቁርስ ቤቱ ውስጥ የጠየቅነው ሰው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጠቆመን። ጣሪያ እንኳ የላቸውም፤ አንድ የግራር ጥላና የተገለበጠ የቢራ ሳጥን።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አላይመንቱን፣ ቡሎኗን፣ አሞርዛተሩን፣ እጥፋቱን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ «ክሪክ ላምጣ?» አልኳቸው።

«ለምን? መኪናህ በአየር ነው እንዴ የምትሄደው?»

ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ፣ ክብደቷን እንደተሸከመች እንድትቆም አደረጉ። ከሥር ገብተው የመሪውን ዘንጎች በናፍታ በተነከረ ብሩሽ እያንዳንዱን መጋጠሚያ አጸዱ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ነጭ ጠመኔ አወጡ። የተማሪ ጠመኔ ነው፣ ግማሹ ያለቀ። በየመጋጠሚያው ላይ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው የሚሻገር ቀጭን መስመር አሰመሩ፦ ከመሪው ሳጥን የሚወርደው ክንድ ከመሃለኛው ዘንግ ጋር የሚገናኝበት ላይ፣ በአራቱም ቴስቲኒዎች፣ ማለትም ወደ ጎማ በሚሄዱት ዘንጎች ጫፍ ባሉት መጋጠሚያዎች ላይ፣ በቀኝ በኩል ያንኑ መሃለኛ ዘንግ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው አይድለር አርም የሚባለው ክንድ ላይ። ሁለት ሁለት መስመር፣ አንድ ከጎን፣ አንድ ከፊት። ሲሠሩ አይቸኩሉም ነበር። ሰሌዳ ላይ የሚጽፉ አስተማሪ ይመስሉ ነበር።

ረዳቴን መሪው ላይ አስቀመጡት፣ ሞተር አስነሱ። «አዙር አላልኩህም። እንዲህ አወዛውዝ፣ አንድ ስንዝር ወዲህ፣ አንድ ስንዝር ወዲያ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቀያሽ ነኝ አላልክም? ግባና አንብብልኝ። የእኔ ዓይን ደክሟል።»

ዓይናቸው የደከመ አይመስለኝም። ቢሆንም ገባሁ። ጀርባዬ ላይ ተኛሁ፣ የደረቀ ጭቃ ግንባሬ ላይ ረገፈ፣ የሞተሩ ሙቀት ፊቴን ይመታኝ ነበር። ከግራ ጀመርኩ። መሪው ሲወዛወዝ ከሳጥኑ የሚወርደው ክንድ ይሄዳል፣ መሃለኛው ዘንግ ይሄዳል፤ መስመሩ ሳይቆረጥ፣ ሁለቱ ብረቶች እንደ አንድ ብረት። የግራው ቴስቲኒ፣ ያው። ውጨኛው፣ ያው። መስመሮቹ ሲመላለሱ ማየት እንቅልፍ ያመጣ ነበር። ወደ ቀኝ ተንፏቀቅኩ።

አይድለር አርሙ ላይ ያለው መስመር ተሰበረ።

ተሰበረ ስል በዓይን የሚታይ ስብራት ነው። ረዳቴ መሪውን ወደ ግራ ሲገፋ ከታች ያለው የመስመሩ ግማሽ ወደ ላይ ይነሳል፤ የላይኛው ግማሽ ባለበት ይቀራል። በመሃላቸው የሁለት ሳንቲም ውፍረት ያህል ክፍተት ይከፈታል። «ጠቅ» የሚል ድምፅ አለ፣ ከሥር ካልሆኑ የማይሰማ። ከዚያ በኋላ ነው፣ ልብ በሉልኝ ከዚያ በኋላ ነው፣ ጎማው መዞር የሚጀምረው። ወደ ቀኝ ሲመልሰው መስመሩ ይገጥማል፣ አልፎት ይወርዳል፣ ጠቅ ይላል፣ ጎማው ይከተላል።

«ምን ታያለህ?» አሉኝ ከውጭ።

«ዘንጉ ይነሳል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጎማው ይዞራል።»

«እንግዲህ መሪውን የምታዞረው መጀመሪያ ለእሷ ነው። ለጎማው የምትሰጠው ከእሷ የተረፈውን ነው።»

ወጥቼ ልብሴን ሳላራግፍ የጠየቅኩት የመጀመሪያ ጥያቄ «ከፍ ስላስደረግኳት ነው አይደል የተበላችው?» የሚል ነበር። መልሰው አስገቡኝ። በእጄ ክንዱን ጨብጬ ሽቅብና ቁልቁል እንድነቀንቀው አደረጉ፤ ያለ ምንም ጉልበት ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ የተበላውን ቦታ በጣታቸው ጠቆሙኝ። ግራሱ ደርቆ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ እንደ ሸክላ ጠንክሯል። ብረቱ የተፋተገበት ቦታ እንደ መስታወት ያበራ ነበር፤ ከጎኑ ያለው ዝገት ደግሞ የቆየ፣ ጥቁር ዝገት። «ይህ የሁለት ወር ነው?» አሉኝ። የሁለት ወር አልነበረም። ምናልባት እኔ ከመግዛቴም በፊት የነበረ ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ያገለገለ ብረት መበላቱ ደግሞ አያስወቅሰውም።

ታዲያ ለምን ድሮ አልተሰማኝም? ይህን ጠየቅኳቸው። ትከሻቸውን ነቀነቁ። «እሱን አንተ ፈልገው፣ የተማርከው አንተ ነህ» አሉኝና ወደሚጠብቃቸው የጭነት መኪና ፍሬን ሄዱ። ለጠመኔው ምንም አላስከፈሉኝም።

## የተኛው ክፍተት

በዝግታ ነድተን ደብረ ማርቆስ ገባን። ሌሊቱን የሆቴሉ አልጋ ላይ ተቀምጬ ወረቀት ላይ ዘንጎች ስስል አመሸሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ሲባል ሥሩ የት እንደሆነ አይነገርም፤ እኔ ጋ ሥሩ አንግል ውስጥ ነበር።

በማግሥቱ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ዘንድ ሄድኩ። ያልተነካች እህቷን ይነዳል፤ ያው ሞዴል፣ ያው ዘመን፣ ከፋብሪካ እንደወጣች። የራሴን መነሻ ቁጥር ስላልያዝኩ የእሱን መኪና መነሻ አደረግኳት። ቱንቢና ሜትር ይዤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አቁሜ ለካሁ። ከመሃለኛው ዘንግ ወደ ጎማ የሚሄደው አጭር ዘንግ በእሱ መኪና ላይ በ30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት የሚወርደው 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። በእኔዋ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር። የእሱ ወደ 4 ዲግሪ፣ የእኔ ወደ 12።

ለሹፌር 12 ዲግሪ ምንም ላይመስለው ይችላል። ለቀያሽ ግን ኃይል በተዘነበለ ዘንግ ላይ ሲሄድ ከፊሉ ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚሆን የታወቀ ነው። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ዘንጉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ዘንጉ አግድም ከሆነ ግፊቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ጎን ነው። 12 ዲግሪ ሲዘነበል ከግፊቱ አንድ አምስተኛ የሚሆነው የመሃለኛውን ዘንግ ወደ ላይ ያነሳዋል። በጓደኛዬ መኪና ላይ ይህ ድርሻ ከአሥራ አራት አንድ ብቻ ነው። የእኔ አይድለር አርም የላላው ደግሞ በየት አቅጣጫ ነበር? ወደ ላይና ወደ ታች። ያ ክፍተት ለዓመታት ተኝቶ ነበር፤ በእሱ አቅጣጫ የሚገፋ ኃይል አልነበረምና። እኔ በአንድ ቁልፍ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ግፊት ላክሁለት፤ ጎማውን አስፍቼ ደግሞ ግፊቱ ራሱ እንዲበረታ አደረግኩ።

አላይመንቱ ለምን አረንጓዴ እንደሆነም ያኔ ገባኝ። ማሽኑ የሚለካው ቆማ ነው። ቆማ ስትለካ ዘንጉ በክፍተቱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፣ ቁጥሩም ለዚያ ቦታ ትክክል ነው። ፍሬን ስትይዝ ሌላ ቦታ ነው፣ እጥፋት ስትገባ ሌላ። በሚንቀሳቀስ ነጥብ ላይ መሣሪያ ተክሎ ቅየሳ የጀመረ ሰው ባገኝ ከሥራ አባርረዋለሁ።

ከዚያ ቁመቷን ለካሁ። የጎማውን ጭማሪ ቀንሼ የእኔዋ ሻንሲ ከፊት በ4 ሴንቲ ሜትር፣ ከኋላ በ9 ሴንቲ ሜትር ከጓደኛዬ መኪና ትበልጣለች። የ5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ባለው 2 ሜትር ከ85 ላይ ሲካፈል 1 ዲግሪ ይሆናል። ማለትም መኪናዋ በ1 ዲግሪ አፍንጫዋን ደፍታለች። ብስክሌት የነዳ ሰው የፊተኛዋ ሹካ ከላይ ወደ ኋላ ጋደም ማለቷን አይቷል፤ እጅ ለቆ ለመንዳት ከሚረዱት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። መኪናም እንዲሁ ጎማው የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ የተጋደመ ነው፤ ካስተር ይሉታል። መሪው ከዞረ በኋላ ራሱ የሚመለሰው በእሱ ነው። መኪናዋ አፍንጫዋን ስትደፋ ያ መጋደም ይቀንሳል። መጀመሪያውኑ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ላላት መኪና 1 ዲግሪ ብዙ ነው። አደባባይ ላይ መሪውን በእጄ እየመለስኩ የነበረው ለዓይን ብዬ ያስረዘምኩት የኋላ ማንጠልጠያ ነው ማለት ነው። በላዩ ላይ ቡሎኗን አስጠበቅኩበት።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ቀላል ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን ከባዱ ነገር ምልክቶቹ ተደራርበው መምጣታቸው ነበር። መዋለል፣ አለመመለስ፣ እጥፋት ላይ መዝለል፤ እኔ ሁሉንም አንድ «የመሪ ችግር» ብዬ ስም አወጣሁላቸውና አንድ መድኃኒት ፈለግኩ። ልጆች ሲያለቅሱ አንዱ ራብ፣ አንዱ ጥርስ፣ አንዱ ቁጣ ሊሆን ይችላል፤ ለሦስቱም ከረሜላ የሚሰጥ አባት ነበርኩ። ደግሞም ፊቱን፣ ኋላውን፣ ጎማውን በአንድ ቀን ስለለወጥኩ የትኛው የማን አባት እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ሥራ ላይ አንድ ነጥብ ሲሳሳት ወደ ኋላ ተመልሼ እስከ መነሻው እየፈተሽኩ እሄዳለሁ። እዚህ መነሻ አልነበረኝም።

## አንድ በአንድ

ጥገናው አጭር ታሪክ ነው። አዲስ አበባ ስመለስ አይድለር አርሙን ሙሉውን በአዲስ ለወጥኩ፤ ያገለገለ ነበር፣ በግማሽ ዋጋም ነበር፣ አልፈለግኩም። ከዚያ ሌላ ምንም ሳልነካ ለአንድ ሳምንት ነዳሁ። መዝለሉ ቀረ፣ ባዶው ቦታም ወደ አንድ ጣት ጠበበ። መሪው ግን አሁንም አይመለስም።

በሁለተኛው ሳምንት የሳጥኗን ቡሎን ሥራውን በሚያውቅ ሰው እጅ አስላላሁ። መሃል ላይ መንከሱ ቆመ። በሦስተኛው የኋላውን ረጅም ማንጠልጠያ አውጥቼ የድሮውን መለስኩ፣ ከፊትም የቶርሽን ባሮቹን ቡሎን ግማሹን ፈታሁ። አሁን ከጓደኛዬ መኪና ከፊት በ2፣ ከኋላ በ3 ሴንቲ ሜትር ትበልጣለች። ከአደባባይ ስወጣ መሪው በመዳፌ ውስጥ ተንሸራትቶ ሲመለስ ዘመድ ከሩቅ አገር የመጣ ያህል ነው የተሰማኝ። አላይመንቱን ያሠራሁት በመጨረሻ ነው። እንደገና አረንጓዴ። ሦስተኛውን ወረቀት ከሁለቱ ጋር አያይዤ አስቀመጥኩት፤ ሦስቱም ይመሳሰላሉ ማለት ይቻላል።

ትልልቆቹን ጎማዎች አልቀየርኩም። ስትቆም መሪዋ ትከብዳለች፣ ናፍታም ትወዳለች፣ ዲፍሬንሻሉን ግን እነሱ ናቸው ያነሱት። የመሪው አሞርዛተር ጓዳ ውስጥ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የሰፈር ልጆች መኪናዋ «ለምን አጠረች?» ብለው ጠይቀውኛል።

ባለፈው ወር እንደገና በዓባይ በረሃ ወረድኩ። ያችን እጥፋት አወቅኳት። ረዳቴም አወቃት፣ እግሩን ወለሉ ላይ ሲያጠብቅ አየሁት። ገባን፣ ወጣን፣ መኪናዋ በመስመሯ ቀጠለች። ምንም አላለም፤ መስኮቱን ከፍቶ ሎሚ መላጥ ጀመረ።

ደጀን ላይ ሽማግሌውን ፈለግኳቸው፣ የቢራ ሳጥኑ ነበር፣ እሳቸው አልነበሩም። ገበያ ሄደዋል አሉኝ። ልጠይቃቸው የነበረ አንድ ነገር ነበር። አራቱን ጎማ አስይዤ ጭቃ ውስጥ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ሳዞር ብቻ፣ ከግራው የፊት ጎማ ውስጥ «ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ» የሚል ድምፅ አለ። ወደ ቀኝ የለም። ጎማዎቹ ሲለቀቁም የለም። ለሁለት ወር ያህል በሰፊ አንግል ስትሽከረከር የነበረችው የግራዋ የአክስል መጋጠሚያ ናት ብዬ እገምታለሁ፤ ግን እሷ በላስቲክ ተሸፍና ነው የምትሽከረከረው፣ ጠመኔ የሚሰመርባት ዓይነት አይደለችም። ሁለት ጠመኔ ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ አሉ። ዝናቡ ሲያቆም ላስቲኩ መቀደድ አለመቀደዱን ከሥር ገብቼ አያለሁ።